የመምህር ሃሩን ኩሬ ፍለጋ

መምህር ሃሩን መሞታቸውን የሰማሁት መርካቶ ውስጥ፣ የጽሕፈት መኪና ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ስልክ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ መለዋወጫ ልገዛ አዲስ አበባ ተልኬ ነበር። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት የወረቀት ማዞሪያ ሮለር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ስላልነበርኩ አሶሳ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው የመዝገብ ቤቷ ልጅ ድምፄን እንደለየች፣ «አልሰማህም እንዴ? መምህር ሃሩን አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው» አለችኝ። ሆዳቸውን ታመው ብዙም አልተኙም አለች። «ነፍስ ይማር» አልኳት። ቀጥዬ፣ ከወረቀት ማባዣው አጠገብ ያለውን የጽሕፈት መኪና ሮለር እንድትለካልኝ ጠየቅኋት። ለካችልኝ። ገዝቼ ወጣሁ።

አውቶቡስ ተራ እስክደርስ ድረስ የማስበው ስለ ሮለሩ ነበር። ከዚያ ግን በለቅሶው ላይ ስለ እሳቸው ምን እንደተነገረ ማሰብ ጀመርኩ። ስለ ኃላፊነታቸው ተነግሮ ይሆናል፤ ስለ ጨዋነታቸውም ተነግሮ ይሆናል። ኩሬ ስንፈልግ ስለከረምንበት በጋ ሙሉውን የሚያውቅ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለቅሶው ላይ አልነበርኩም።

አሶሳ ስመደብ እናቴ «በረሃ ልትገባ ነው» ብላ አልቅሳለች። የዝዋይ ልጅ ነኝ፤ ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የጽሕፈት መኪናና ማባዣ ጥገና የተማርኩት በመፍታትና በመግጠም ብቻ ነው። ክልሉ ያን ጊዜ ገና መቋቋሙ ነበር። አዲስ መሥሪያ ቤት ይከፈታል፣ ማኅተም ይቀረጻል፣ ደብዳቤ ይበዛል፤ ደብዳቤውን የሚጽፉት መኪኖች ግን ከድሮው አስተዳደር የተረፉ አሮጌዎች ነበሩ። ስለዚህ እንደ እኔ ያለ ሰው ይፈለግ ነበር።

ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ብዙ ቦታ የያዘው መረቤ ነው። ቋጠሮውን ራሴ ያሰርኩት፣ ከታች እርሳስ፣ ከላይ ቡሽ ያለው መረብ ነበር። በመጣሁ ሰሞን ያገኘሁትን ሁሉ ዓሣ የት እንደሚጠመድ እጠይቅ ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ አገር የሚይዝህ ወባ እንጂ የምትይዘው ዓሣ የለም» ብሎ ቢሮውን ሁሉ አሳቀብኝ። ያልሳቁት መምህር ሃሩን ብቻ ነበሩ።

የመምሪያችን ኃላፊ ነበሩ። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ መንደራቸው ከባምባሲ ወዲያ፣ ወደ ዳቡስ ወንዝ በሚወርደው አቅጣጫ ነው። ክልሉ እስኪቋቋም ድረስ መምህር ነበሩ። ያን ጊዜ የተማረ የአገሩ ልጅ ሁሉ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት እየተነሳ የሥልጣን ወንበር ይሰጠው ነበር። እሳቸው ወንበሩን ቢቀበሉም የመምህርነቱ አመል አልለቀቃቸውም። ተናግረው ሲጨርሱ፣ በእጃቸው ጠመኔ ሳይኖር፣ ሁለቱን መዳፎቻቸውን እርስ በርስ መታ መታ አድርገው ያራግፉ ነበር። ደብዳቤ ይዘህላቸው ስትገባ መጀመሪያ የሚያርሙት ፊደሉን ነው። ከባድ ነገር ሲጠየቁ «እንይ» ይላሉ፤ ያ «እንይ» እሺም እምቢም አይደለም።

«የዝዋይ ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ መምህር።»

«ሐይቅ ተኝቶ ይጠብቅሃል። ወንዝ አይጠብቅም። እዚህ የት ብቻ ሳይሆን መቼ ብለህም ጠይቅ።» መዳፋቸውን አራገፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጠሩኝ በስሜ አልነበረም። «ና ዝዋይ» ነበር የሚሉኝ።

በእሳቸው መንደር ያለውን ልማድ የነገሩኝ ያን ሰሞን ነው። ዝናቡ አልፎ ወንዙ ወደ መሐሉ ሲሰበሰብ፣ በየዳሩ ኩሬ ትቶ ይሄዳል። ዓሣው እዚያ ይቀራል። ኩሬው ከወንዙ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ማንም መንጠቆ አይጥልበትም። ሙቀቱ ሲበረታ፣ በመጋቢት መጨረሻ አካባቢ፣ የኩሬው ጠባቂ ሰው ይልክና ቀኑ ይነገራል። ሌላ መንደር ያገቡ ሴቶች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ላይ ይበተናል፤ ዓሣው ይደነዝዛል፤ ወንዱም ሴቱም ቅርጫት ይዞ ይገባል። የተገኘው በጭስ ይደርቅና ክረምቱን ከባሚያ ጋር የገንፎ ማባያ ይሆናል። ጠባቂው የመምህር ሃሩን ታላቅ ወንድም ሼህ ኑር ነበሩ፤ ከእሳቸው በፊት አባታቸው።

ያ ኩሬ የተበላሸው በጥር ነው።

ከላይ እንግዶች መጥተው ነበር፤ አዲሱን ክልል ሊጎበኙ። ስብሰባው ካለቀ በኋላ አንደኛው ስለ ዳቡስ ዓሣ ሰምቻለሁ አለ። መምህር ሃሩን «እንይ» አሉ። ሌላው ደግሞ፣ «ለነገሩ እዚህ ምን ይኖራል ብለን ነው» አለና ሳቀ። ያን ሲል የመምህር ሃሩን ፊት ተለወጠ። እንግዳን ባዶ እጅ መሸኘት የሚያሳፍር ነው፤ አገርህን ባዶ ሲሉብህ መስማት ግን ይብሳል። ወደ እኔ ዞሩና፣ «መረብህ ደህና ነው?» አሉኝ።

ሼህ ኑር ለቅሶ ሄደው መንደር አልነበሩም። መምህር ሃሩን «ወንድሜ ሲመለስ እነግረዋለሁ» ብለው አሰቡ። እኔና የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር መረቡን ኩሬው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳብነው። ለሐይቅ የተሠራ መረብ ኩሬ ላይ ሲወድቅ የሚያስቀረው ነገር የለም። አምባዛው እንደ ማገዶ ተከመረ። እንግዶቹ ፎቶ ተነሱ፤ በእርጥብ ሣር ጠቅልለን ጫንላቸው። እኔ መረቡ ሳይቀደድ በመውጣቱ እየተደሰትኩ ነበር። መምህር ሃሩን ዳር ቆመው ነበር። መኪናው ሲነሳ፣ «ኩሬው ጠበበ» አሉ፤ ውሃው እንዳለ ነበር።

ሼህ ኑር ሲመለሱ አልጮሁም። ወንድማቸው ሄደው የሆነውን ሲነግሯቸው ሰላምታም አልከለከሉም። ተቀመጥ ብቻ አላሉም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግመው ሄዱ፤ ያም እንደዚያው ሆነ። መምህር ሃሩን በወንድማቸው በር ላይ ቆመው አውርተው፣ ቆመው ተመለሱ።

«ወንዙ በሚቀጥለው ክረምት ዓሣውን ይመልስ የለም እንዴ?» አልኳቸው፤ ላጽናናቸው ብዬ።

«ዓሣውን ይመልሳል። የሰረቅሁት ግን ዓሣ አይደለም፤ ቀን ነው» አሉኝ። «እህቶቼ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጡት ለዚያ ቀን ነው። ዘንድሮ ለምን ይመጣሉ?»

መረቡ የእኔ እንደነበር አንድም ጊዜ አላነሱም። እንዲያውም ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኩና፣ «ለመንደሬ ሰዎች ሌላ ኩሬ እፈልግላቸዋለሁ። መጋቢት ሳያልቅ። ትመጣለህ?» አሉኝ። መረቡን ላምጣ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መንጠቆ ብቻ።»

በመሥሪያ ቤቱ መኪና አልሄድንም። ባምባሲ ድረስ በአይሱዙ፣ ከዚያ በእግር ነበር። የአይሱዙው ሾፌር ጭነቱ ላይ ሲወጡ አይቶ፣ «ምነው መምህር፣ ኃላፊ ሆነው ከሽንኩርት ጋር? መኪናዎ ምን ነካት?» አላቸው።

«መኪናዋ የመንግሥት ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉት። ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ሆነን ስንዞር ከረምን። ኩሬ እንዴት እንደሚመረመር ያየሁት ከእሳቸው ነው። መጀመሪያ ርቀው ቆመው ወፎቹን ያያሉ፤ ዓሣ አዳኟ ወፍ ከቅርንጫፍ ካልተነሳች ብዙም አይቀርቡም። ቀጥሎ እፍኝ የማሽላ ዱቄት ይበትናሉ፤ ዱቄቱ ሰምጦ ከጠፋ ይተዉታል፤ ከሥሩ እየተሳበ ከጠፋ ይቀመጣሉ። ጭቃው የሚሸት ከሆነ ዓሣው በሙቀት ያልቃል ይላሉ። አንዱ ኩሬ ጉማሬ ነበረበት፤ እየተንፏቀቅን ተመለስን። አንዱ ዙሪያው ሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ የበቀለበት፣ ጥላው ለዓይን የሚያስደስት ነበር፤ ዱቄቱ ግን እንደተበተነ ውሎ አደረ ማለት ይቻላል። «አየህ፣ አዳራሹ ያማረ፣ ሰው ያልመጣበት ስብሰባ» አሉኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስቀው ያየኋቸው ያኔ ነው።

አንድ ቀን ባልጠበቅሁት ሰዓት ስለ ወንበራቸው ተናገሩ። እግራቸውን ውሃ ውስጥ አድርገው ነበር። «ወንበር ላይ የወጣ ሰው ረጅም ይመስላል። ወንዝ ሲገባ ግን ውሃው እንደማንም ሰው ጉልበቱ ላይ ነው» አሉ። መዳፋቸውን አላራገፉም፤ ለእኔ ያሉት አልነበረም።

በመንጠቆ የያዝነውን ዓሣ አይበሉም ነበር። መንገድ ላይ ላገኙት ይሰጣሉ። እኔ እሳት አንድጄ አንድ ጠብሼ ስበላ እሳቸው ዳቦና ሻይ ይዘው ጎኔ ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ዳቦውን አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ ያቆሙና ወደ ወንዙ ቁልቁል ያያሉ። ምን እያሰቡ እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቄም፣ ጥብሱን እየበላሁ፣ ይህ ነገር ባያልቅ እል ነበር።

ይህን ነው መጻፍ የሚከብደኝ። አሶሳ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ከሰው ጋር ጨዋታ አልችልም፤ ማታ ማታ የተበላሸ መኪና ፈትቼ እገጥማለሁ እንጂ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን የሚጠራኝ ሰው ነበረኝ። እሳቸው በእያንዳንዱ ባዶ ኩሬ ፊታቸው ሲጠቁር፣ እኔ ውስጤ ሌላ ቅዳሜ አለ ይል ነበር።

መጋቢት አጋምሶ ኩሬው ተገኘ። ከሽመል ጫካ ጀርባ፣ ሰፊ፣ ጥልቅ፣ ወፍ የሞላበት ነበር። ዱቄቱ ገና ሳይሰምጥ ውሃው ፈላ። መምህር ሃሩን ሊሰግዱ ወደ ጥላው ሄዱ። እኔ ብቻዬን እንደቆምኩ አንዲት አሮጊት ቅል ይዘው ከጫካው ወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ነህ?» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«ከአሶሳ ነው የመጣሁት፣ እናቴ።»

«አሶሳ ውሃ የለም?»

«ውሃ አለ። ዓሣ እየፈለግሁ ነው።»

«ዓሣ እኔም ይፈልጋል። እኔ ይጠብቃል። አንተ ለምን አይጠብቅም?»

«ባለቤት ያለው አልመሰለኝም።»

ቅሉን አስቀምጠው ደህና አድርገው አዩኝ። «አንተ እናት አለው?»

«አለችኝ።»

«የት?»

«ዝዋይ።»

«እኔ እዚህ አላየሁም። እናት የለህም ማለት ነው?»

መምህር ሃሩን ድምፅ ሰምተው መጡና «ሐቦባ» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ሰላም አሏቸው፤ በእነሱ አያት እንደማለት ነው። በበርትኛ ረጅም ጊዜ አወሩ። በመሐል አሮጊቷ በጣታቸው እሳቸውን እያመለከቱ አንድ ነገር ጠየቁ፤ መምህር ሃሩን አንገታቸውን ደፉ።

ስንመለስ ነገሩኝ። «ገና የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራት፣ ያ ኩሬውን ያለ ቀኑ የከፈተው አንተ ነህ? አለችኝ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወርዷል። ኃላፊ ነኝ ብላት ትፈራኝ መስሎኝ ነበር። ውሃ ኃላፊ አያውቅም አለችኝ።»

ትንሽ ሄደን ቆሙ። «እኔ እኮ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ባለቤት የሌለው ኩሬ እንደሌለ አውቃለሁ። ባዶ ቦታ የሚባል ያለው ካርታ ላይ ብቻ ነው። መጠየቅ ነበረብኝ። ለመጠየቅ ስላፈርኩ ነው መፈለግ የጀመርኩት።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የአሮጊቷ መንደር ሽማግሌዎች ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው መምህር ሃሩንን ሰሟቸው። ደብዳቤ የሚፈርሙት ሰውዬ መሬት ላይ፣ ከሁሉም ዝቅ ብለው ተቀምጠው ነበር። የወንድማቸው መንደር በእነሱ ቀን፣ በእነሱ ኩሬ አብሮ እንዲገባ ለመኑ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተነጋገሩ። መንደሩ ይምጣ፣ እህቶችህም ይምጡ አሏቸው። አንተ ግን ውሃው ውስጥ አትገባም፤ ያለ ቀኑ የገባ ሰው በቀኑ ዳር ይቀመጣል አሉ። መምህር ሃሩን መልሰው ሲነግሩኝ ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። ያስጨነቃቸው ለወንድማቸው የሚናገሩት ነው። ሼህ ኑር በራቸው ላይ እንደቆሙ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እንይ» አሉ። ቃሉ የማን እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

ቀኑ ደረሰ። የአሮጊቷ መንደር ሰው በአንድ ወገን፣ እንግዳው የሼህ ኑር መንደር በሌላው ወገን ቆመ። እህቶቻቸው ልጆች አዝለው መጥተዋል። ብርብራው ተበተነ፤ ሁሉም ሰው ውሃውን እያየ ይጠብቃል። መምህር ሃሩን ብቻቸውን ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ እኔ ማንም ምንም ስላላለ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። የመንደራቸው ሰው አያያቸውም፤ ማለቴ፣ ዓይኑ ሲደርስባቸው ወደ ሌላ ይዞራል።

ሼህ ኑር ጀለቢያቸውን አወለቁ። በጥንቃቄ አጠፉት። ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት መስሎኝ ነበር። ወደ እኛ መጡና ወንድማቸው ጭን ላይ አስቀመጡት። አንድ ቃል ተናግረው ወደ ውሃው ሄዱ። በኋላ መምህር ሃሩንን ስጠይቃቸው ቃሉ «ያዝ» ነበር አሉኝ።

ከዚያ ሌላው መጣ። ሸሚዙን ጣለባቸውና በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ብሎ መሰለኝ፣ «ኃላፊ፣ የእኔን እንዳታጨማድድ፤ ተተኩሶ ነው» አለ። ሸሚዙ ክርኑ ላይ ተቀዷል። አንዷ እህታቸው ነጠላዋን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ አንድ ነገር ስትል ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። መንደሩ በሙሉ እየመጣ ልብሱን ቆለለባቸው። ጭናቸው ሞላ፣ ጉያቸው ሞላ፣ አገጫቸው ድረስ ደረሰ። ላግዝዎት ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ «ተው ዝዋይ» አሉኝ። ዓሣው ተይዞ እስኪያልቅ፣ ፀሐይ አናታቸው ላይ እንዳለች፣ ከነላባቸው አልተንቀሳቀሱም። ያን ቀን ያየሁትን ፊት በሌላ ሰው ላይ አላየሁም።

ኩሬው ዳር ከነበረው ሰው ሁሉ ያልተደሰትኩት እኔ ነበርኩ።

ወደ አሶሳ ስንመለስ፣ «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መንደር ነኝ። አንተም ትመጣለህ» አሉኝ። «ደስ ይለኛል» አልኩ። አልሄድኩም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ማባዣው ተበላሽቷል አልኳቸው፤ እውነትም ተበላሽቶ ነበር። ሁለተኛውን ቀለም አልቋል ብዬ አመካኘሁ። ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። አርብ ከሰዓት በሩ ላይ ቆም ብለው «ዝዋይ፣ ነገስ?» ይሉኛል፤ እኔ ከተፈታው መኪና ቀና ሳልል ሥራ አለብኝ እላለሁ። ወንድማቸው የመለሷቸው ከእኔ ነጥቀው ይመስል ተቀይሜ ነበር። ለምን እንደተቀየምኩ ለራሴም አልነገርኩም። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ መጠየቃቸውን አልተዉም።

ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ ለቅሶ ልደርስ መንደራቸው ወረድኩ። ሼህ ኑር ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሻይ መጣ። ጠጥተን ስንጨርስ፣ «ወንድሜ ቅዳሜ ሁሉ መንገድ ያይ ነበር። ማንን ነው የምትጠብቀው እለዋለሁ። ያ የዝዋይ ልጅ ይለኛል» አሉኝ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነበር» አልኳቸው።

ሼህ ኑር እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እናውቃለን» አሉ። «እሱም እንዲሁ ነው የሚለን። ልጁ ሥራ በዝቶበት ነው፣ አትቀየሙት ይለን ነበር።»